ጠጉሩ እስከ ቅዳሜ መርገፉን ያቁም

በሰሙነ ሕማማት፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር የግቢያችንን የቆርቆሮ በር አንኳኩቶ፣ ውሻችን እስከ ቅዳሜ ጠጉሩ መርገፉን ካላቆመ እንደሚወገድ ለአባቴ ነገረው። ከኋላው ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ቆሞ ነበር። ውሻው ቦቢ በሁለቱ መካከል ገብቶ የሊቀ መንበሩን ሱሪ አሸተተ። ዘወር ሲል ሱሪው ላይ ጠጉር ቀርቶ ነበር።

ዘመኑ ደርግ፣ ከተማው ጎንደር ነው። ዓመቱን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። ሦስተኛ ክፍል እንደነበርኩ ግን አውቃለሁ፤ በዚያ ዓመት የክፍላችን አስተማሪ እናቴ ስለነበረች ትምህርት ቤት ውስጥ “እማዬ” ማለት ተከልክዬ ነበር።

አምና ለዘገባ ሥራ ወደዚያው ሄጄ ሳለ፣ በአዘዞ መንገድ ዳር አንዲት ሴት ውሻዋን አጥባ ፀሐይ ላይ ስታበጥር አየሁ። የእርጥብ ውሻ ሽታ መኪናው ውስጥ ገባ። ሾፌሩ መስኮቱን ዘጋው፤ እኔ መልሼ ከፈትኩት።

ቦቢ መጀመሪያ የእኛ አልነበረም። አባቴ በላቦራቶሪ ባለሙያነት በሚሠራበት ሆስፒታል ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ሐኪም፣ አገር ለቆ ሲሄድ የውሻውን ገመድ አባቴን አስጨብጦት ሄደ። እናቴ ያን ቀን የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

“ቤት አይገባም።”

ቦቢ ቤት አልገባም። ጠጉሩ ግን ገባ።

የአገራችን ውሻ ጠጉሩ አጭር ነው፤ ቢረግፍም ልብ የሚለው የለም። ቦቢ ግን ልብስ ደርቦ የለበሰ ይመስል ነበር። ላይኛው ረጅምና ሻካራ ነው፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ አመድማ፣ እንደተነደፈ ጥጥ የለሰለሰ። ከመጋቢት ጀምሮ ፀሐይ ስትበረታ ያ የውስጡ ጠጉር በእፍኝ በእፍኝ ይነቀላል። ሽሮ ላይ አግኝተነዋል። እናቴ የምታርመው ደብተር ውስጥ አግኝተነዋል። አንድ ቀን ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስትመለስ ፊቷ ቀልቶ ነበር። ከጎኗ የነበረች ሴትዮ ከነጠላዋ ላይ አንድ ጉንጉን ጠጉር አንሥታ፣ “እትዬ፣ ፍየል ገዛችሁ እንዴ?” ብላት ኖሮ።

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ቦቢን በየቀኑ በልብስ ዱቄት ሳሙና ታጥበው ጀመር። ጠጉሩ ባሰበት፤ ቆዳው ላይም ፎረፎር የመሰለ ነገር ወጣ። ጎረቤታችን “ላምባና ድኝ ቀላቅላችሁ ቀቡት” አለች። አባቴ “ክብሪት የጫረ ሰው ሲያልፍ ጉድ ይፈላል” ብሎ ከለከለ። እሱ ራሱ ደግሞ ጥቂት ጠጉር በወረቀት ጠቅልሎ ሆስፒታል ወሰደና በማይክሮስኮፕ አየው። ማታ እራት ላይ ውጤቱን ነገረን።

“ጠጉሩ ጤነኛ ነው።”

“እሰይ” አለች እናቴ፣ ከብርጭቆዋ ላይ አንድ ጠጉር እያነሣች። “እንግዲህ ጤነኛ ጠጉር ነዋ የምንጠጣው!”

ቦቢ የሚጾም ውሻ ነበር። ይህን ያስለመዱት እማሆይ ወለተ ማርያም ናቸው። እማሆይ የአባቴ አክስት ናቸው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ በኩል መጥተው፣ መንኩሰው፣ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። በዐቢይ ጾም ቤታችን ሥጋም ወተትም እንቁላልም አይገባም፤ ለውሻ የሚተርፍም የለም። በየጎረቤቱም እንደዚሁ ነው፤ የጎረቤት ውሾች ግን አጥር ዘለው ያገኙትን ይለቃቅማሉ። ቦቢ ከግቢ አይወጣም። እማሆይ ከዚያም አልፈው ሰዓት አስለመዱት። ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሽሮ የተፈተፈተበት እንጀራ ፊቱ አስቀምጠው ይቆማሉ። ቦቢ ተቀምጦ ዓይን ዓይናቸውን ያያል እንጂ አይነካም።

“በል፣ እግዚአብሔር ይፍታህ፤ ብላ” ሲሉት ያኔ ይበላል።

ይህን ለማየት ሰው ይመጣ ነበር። “ከስንቱ ክርስቲያን ይሻላል!” ይላሉ። እማሆይም “ሸጋ ፍጥረት ነው” ብለው ቀና ይላሉ። እኔ ቦቢ አምኖ የሚጾም ይመስለኝ ነበር። ጠጉሩ የሚረግፈውም በጾም ብዛት መስሎኝ፣ በረገፈ ቁጥር ወደ ጽድቅ የቀረበ አድርጌ እቆጥረው ነበር።

ሊቀ መንበሩን ያመጣው ጽድቅ ሳይሆን ነፋስ ነው። ከግቢያችን ጋር በአንድ አጥር የሚዋሰነው የቀበሌው የስፌት አዳራሽ ነበር። በዚያ ሰሞን ለላብ አደሮች ቀን ሰልፍ የሚለበስ ጥቁር ሰማያዊ ካኪ ይሰፋበታል። ከቀሐ ወንዝ ሽቅብ የሚመጣው የከሰዓት ነፋስ የቦቢን ጠጉር እያነሣ በአዳራሹ መስኮት ያስገባል። ከበላይ የመጣ ተቆጣጣሪ አንዱ ኮሌታ ላይ ጠጉር አገኘ። ሊቀ መንበሩ ደግሞ ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ስፌት ላይ ጠጉር ተገኘ መባሉ ከሹመቱ ይልቅ ሙያውን ነካበት።

“ጓድ፣ የእንስሳ ጠጉር በወቅቱ ይረግፋል” አለው አባቴ በሩ ላይ። “እስከ ቅዳሜ እንዴት አድርጎ ይቆማል?”

“እሱን ለውሻው ንገሩት። ቅዳሜ ጠዋት የበሽተኛ ውሾች ዘመቻ አለን። ከግብርና የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይመጣል። ያበደ፣ እከክ የያዘው፣ ጠጉሩ የሚረግፍ፣ ሁሉም ይወገዳል። እኔው ራሴ መጥቼ አያለሁ።”

እማሆይ ከውስጥ ወጡ። “ምነው ልጄ? በሕማማት?”

“እማሆይ፣ አብዮቱ ሕማማት የለውም።”

በሩ ሲዘጋ እናቴ እንደቆመች ቀረች። ያን ውሻ አንድ ቀን እንኳ በስሙ ጠርታው አታውቅም። ያኔ ግን “ቦቢን?” አለች። “ቦቢን ሊገድሉት?”

“ለውሻው ንገሩት” የተባለውን እኔ ትእዛዝ አድርጌ ወሰድኩት። ከጓሮ ወስጄው፣ ጆሮውን ይዤ፣ ሊቀ መንበሩ ያለውን ቃል በቃል ነገርኩት። እንዳይረሳው ደገምኩለት። ቦቢ እጄን ላሰኝ፤ ምላሱ ላይ ጠጉር ነበረበት።

“ይወገዳል” የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት የሰማሁት ስለ ሰው ነው። የጎረቤታችንን ትልቁን ልጅ ወስደውት አልተመለሰም፤ እናቱም እንዳታለቅስ ተከልክላ ነበር። ይህን ትልልቆቹ በሹክሹክታ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ትእዛዙ የውሻ ብቻ አልመሰለኝም። ሐሙስ ጠዋት እናቴ ጸጉሬን ስታበጥረኝ ከማበጠሪያው ላይ የቀረውን ጸጉር አየሁት። ሰው ሳያየኝ ለቅሜ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ አባቴን አየሁ። አባቴ ራሰ በራ ነው።

ሮጬ ባርኔጣውን አመጣሁለት።

“ምን ላድርገው? ቤት ውስጥ ነኝ እኮ” አለ።

“አድርገው አባባ። ቅዳሜም አድርገው። ሲመጡ እንዳታወልቀው።”

“ለምን?”

“ያንተ ጸጉር ረግፏል።”

እናቴ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። አባቴ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ሳይስቅ ዘጋው። ባርኔጣውን ወስዶ አደረገ። እስከ ቅዳሜ ድረስ ገበታ ላይ እንኳ አላወለቀውም፤ እናቴም አውልቅ አላለችውም።

ዘዴውን ያመጣችው እናቴ ናት። “መርገፉን ማስቆም ካልቻልን የሚረግፈውን ሁሉ እኛው ቀድመን እናውልቀው” አለች። ሣጥኗን ከፍታ ሚዶዋን ይዛ ወጣች። ከእንጨት የተሠራ፣ ጥርሱ ረጅምና ሰፋፊ ሚዶ ነበር፤ እናቷ ለሠርጓ የሰጠቻት።

እማሆይ አማተቡ፤ ከዚያ በሕማማት እንደማይማተብ ትዝ ሲላቸው እጃቸውን ደበቁ። “ኸረ በስመ አብ! የራስሽን ሚዶ? ለውሻ?”

“ሌላ ምን አለን እማሆይ? በጣታችን ነቅለን አንጨርሰው።”

ሐሙስና ዓርብ ቦቢ ተበጠረ። እናቴ መጀመሪያ ከጭራው ወደ አንገቱ አበጠረችው፤ ዞሮ ጥርሱን አሳያት። ያኔ አባቴ እንደ ጠጉሩ አወራረድ፣ ከአንገት ወደ ጭራ፣ ትንሽ ትንሽ እየያዘች እንድታበጥር ነገራት። ቦቢ ተኛላት። ሚዶው በሄደ ቁጥር አመድማው ጠጉር እንደ ባዘቶ ተግተልትሎ ይወጣል። እኔ ጆንያ ይዤ እቀበላለሁ። በሚበዛበት በጭኑና በአንገቱ ዙሪያ እናቴ በአንድ እጇ ቆዳውን ወጠር አድርጋ ነው የምታበጥረው፤ ቆዳው እንዳይቀላ ደግሞ እየቆየች ቦታ ትቀይራለች። ውኃና ሳሙና ያን ቀን ቀረ። እማሆይ ከስግደት መልስ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። “ኧረ ያልቃል! ኧረ ከውስጡ ውሻ አይገኝም!” ይላሉ።

እውነትም ሊያልቅ የደረሰ መሰለኝ። ጆንያው እየሞላ ሲሄድ ቦቢ እየቀጠነ ሄደ። ግርማ ያለው ትልቅ ውሻ ነው ያልነው፣ ለካ ግማሹ ጠጉር ኖሯል። የጎድን አጥንቱ ወጣ። እናቴ ሚዶዋን ይዛ ደነገጠች፤ እጇን ጎኑ ላይ አድርጋ አጥንቱን አንድ በአንድ ዳሰሰች። “እንዲህ ነው እንዴ ያለው?” አለች።

ዓርብ ከሰዓት አባቴ ጆንያውን ተሸክሞ ከሰፈራችን በታች ወዳለው ገደል ሊጥል ሲወጣ ያው የረቡዕ አብዮት ጥበቃ አገኘው።

“ጓድ፣ ምንድን ነው የተሸከሙት?”

“የውሻ ጠጉር።”

ጥበቃው ጆንያውን በጠመንጃው አፈሙዝ ወጋ አደረገው፤ አፈሙዙ ያለ አንዳች ችግር ሰመጠ። ከፍቶ አየ። ከዚያ አባቴን አየ።

“ውሻውስ የታለ?”

“ቤት።”

“ራቁቱን?”

እቤት ድረስ ተከትሎት መጥቶ፣ ቦቢ በሕይወት መኖሩን በዓይኑ አይቶ ሄደ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ መጡ። ቅዳም ሹር ነው፤ እማሆይና እናቴ ከቤተ ክርስቲያን የተሰጣቸውን ቄጤማ ግንባራቸው ላይ አሥረዋል። እማሆይ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህልም ውኃም አልቀመሱም፤ አክፍሎት ላይ ነበሩ። አባቴ ባርኔጣውን አድርጓል። ሊቀ መንበሩም ቆቡን አድርጓል። ከእሱ ጋር የመጣው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወጣት ነበር፤ ትልቅ የቆዳ ቦርሳ በትከሻው አንግቷል። ድምፁ ለስላሳ ነው። “አንቺ ነሽ ባለቤቱ?” ብሎ ጠየቀኝ። ወደድኩት።

ሊቀ መንበሩ ከኪሱ የጥቁር ሰማያዊ ካኪ ቁራጭ አወጣ። እንደ ልብስ ሰፊ በመዳፉ ላይ ዘረጋውና ቦቢን ከአንገቱ እስከ ጭራው ድረስ ተጭኖ ጠረገው። ቁራጩን ወደ ፀሐይ አነሣ።

“ሁለት” አለ።



“ጓድ፣ ሁለት ጠጉር ከእርስዎም ኮት አይጠፋም” አለ ወጣቱ። ቁጢጥ ብሎ የቦቢን ቆዳ በጣቱ ገለጠ፣ ጆሮውን አየ፣ ከንፈሩን አንሥቶ ድዱን አየ። “እከክ የለበትም። አላበደም። የወቅት ለውጥ ነው፤ እንዲህ ዓይነቱ ውሻ በየዓመቱ የውስጡን ጠጉር ይቀይራል። የሚያስቆመው የለም። በየቀኑ ደጅ አውጥታችሁ ካበጠራችሁት ቤት የሚገባው ይቀንሳል። ሳሙና አታብዙበት፤ ቆዳውን ያደርቀዋል።” ቀና አለ። “ግን የዚህ በዝቷል። ድዱም ነጥቷል። ምንድን ነው የምታበሉት?”

“እኛ የምንበላውን” አሉ እማሆይ። “ጾም ነው።”

“ለእናንተ ማለቴ አይደለም። ለውሻው።”

“እሱም ይጾማል።”

ወጣቱ እማሆይን አየ፣ ቦቢን አየ፣ እናቴን አየ። “ሁለቱን ወር ሙሉ?”

“ከቅበላ ማግስት ነው የያዘው” አሉ እማሆይ፣ አሁንም በኩራት። “አንድም ቀን አልገደፈ።”

“እማሆይ፣ ሥጋና እንቁላል ያጣ ውሻ ጠጉሩ ከወቅቱ በላይ ይረግፋል። ሰውነቱ የሚያበቅልበት ያጣል። ይህን ውሻ እያስራባችሁት ነው።”

የእማሆይ ፊት ሲለወጥ አየሁ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እንደዚያ ደንግጠው አይቻቸው አላውቅም፤ ሊቀ መንበሩ ረቡዕ ዕለት ሲመጣ እንኳ እንዲያ አልደነገጡም።

ሊቀ መንበሩ ግን ሌላ ነገር ነው የሰማው። “ውሻ ታስጾማላችሁ?” ድምፁ ከፍ አለ። “በእኔ ቀበሌ? በዚህ ዘመን? የአድኅሮት ባህል በእንስሳ ላይ ይጫናል?” ወደ እማሆይ ዞረ። “አሁኑኑ፣ እዚሁ፣ እኔ እያየሁ ይበላል። የሚያበሉትም እርስዎ ነዎት። እምቢ ካለ ውሻውም ይሄዳል፤ እርስዎም ከእኔ ጋር ይሄዳሉ።”

አባቴ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። እማሆይ እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉት።

“እንቁላል አምጪ” አሏት እናቴን።

ለፋሲካው ዶሮ ወጥ የተገዛ እንቁላል ነበረን። እናቴ አመጣች። እማሆይ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሳህን ላይ ሰበሩት። ጣታቸውን የነካውን አስኳል በቀሚሳቸው አልጠረጉም፤ እጃቸውን ከአካላቸው አርቀው ያዙት። ሳህኑን ቦቢ ፊት አደረጉ።

ቦቢ ተቀመጠ። ምራቁ ወደ መሬት ይንጠባጠባል። ዓይኑን ግን ከእማሆይ አላነሣም።

“ለምንድን ነው የማይበላው?” አለ ሊቀ መንበሩ።

“ሰዓቱ አልደረሰማ” አልኩ እኔ። እናቴ ትከሻዬን ጨመቀች።

“የምን ሰዓት?”

“ዘጠኝ ሰዓት” አሉ እማሆይ።

ሊቀ መንበሩ የእጅ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ማየቱ ራሱን አናደደው። ወጣቱ ወደ ሌላ ዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

“ልጄ” አሉት እማሆይ ሊቀ መንበሩን፣ በቀስታ። “አንተስ ዛሬ ምን ቀምሰሃል?”

“የምናወራው ስለ ውሻ ነው!” አለ። ላቡን ሊጠርግ ቆቡን አነሣ። ከቆቡ ሥር አንዲት ዘለላ ቄጤማ ነበረች። እኔ አይቻለሁ። በኋላ እናቴን ጠየቅኳት፤ እሷም አይታለች። ቆቡን ቶሎ መለሰው።

እማሆይ ወደ ቦቢ ጎንበስ አሉ። “በል ልጄ” አሉት። “በል፣ እግዚአብሔር ይፍታህ። እኔንም ይፍታኝ። ብላ።”

ቦቢ ተነሣ። ሳህኑን አለፈው። በቀጥታ ወደ ወጣቱ ሄደና አፍንጫውን ቦርሳው ሥር ቀበረ። ጭራው ይወዛወዛል። የቦርሳውን ማዕዘን በጥርሱ ያዘ።

“ያዙት!” ወጣቱ ጮኸ። ያ ለስላሳ ድምፅ ጠፋ። ቦርሳውን ከራሱ በላይ አነሣው። “አፉን! አፉን ያዙት! ምንም እንዳይልስ!”

አባቴ ቦቢ ላይ ወደቀ። ባርኔጣው ተንከባለለ። እናቴ መንጋጋውን በሁለት እጇ ይዛ ከፈተች፣ በቀሚሷ ጫፍ ምላሱን ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች። የቦርሳው ሥር እርጥብ ነበር። ከቆዳው ስፌት ሥር ቀይ ነገር ጠብ ሲል አየሁ። ያኔ ነው ሽታው የደረሰኝ፤ የጥሬ ሥጋ ሽታ። በጾሙ ሁሉ ያልሸተተኝ። ወጣቱ ያን ሁሉ ሲመክረን፣ ስለ እንቁላል፣ ስለ ማበጠር፣ ዘመቻው፣ የተመረዘው ሥጋ፣ በትከሻው ላይ ነበር።

ገርጥቶ ቆመ። “ጥርሱ አልበሳውም” አለ፣ ቦርሳውን አገላብጦ ካየ በኋላ። “አልበሳውም። ዛሬና ነገ እሰሩት። በሩን አትክፈቱ። ደጅ የወደቀ ነገር እንዳያነሣ።” እኔን አላየኝም።

አባቴ እንደያዘው፣ እናቴ ሳህኑን ጎትታ ወደ ቦቢ አፍ አስጠጋችው። ቦቢ እንቁላሉን ላሰ። ሳህኑን እስኪያብረቀርቅ ላሰው።

“ይህ ቤት ታይቷል” አለ ሊቀ መንበሩ፣ ማንንም ሳያይ። ወጡ። የሚቀጥለው በር ሲንኳኳ ሰማን፤ ከዚያ የሚቀጥለው።

እማሆይ እጃቸውን በአመድ ታጠቡ፣ ከዚያ በውኃ። ወደ ክፍላቸው ገብተው እስከ ማታ አልወጡም። ቀበሌው እሳቸውን አልጠራቸውም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ። እናቴ ሚዶውን በደጅ ምሰሶ ላይ ሰቀለችው።

በማግስቱ ትንሣኤ ነበር። ጠዋት ጎረቤቶች እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ በራችንን ሲያንኳኩ፣ በመንደሩ የጮኸ ውሻ አንድ ብቻ ነበር።